ውሉና ኬላው

ከአድዋ ድል በኋላ 12 ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 1900 ዓ.ም.፣ ዳግማዊ ምኒልክ ከፈረንሳይ መንግሥት መልእክተኛ ከአንቶኒ ክሎቡኮውስኪ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። በውሉ መሠረት ኢትዮጵያ ወደ አገር በሚገባ ዕቃ ላይ የምትጥለው ቀረጥ ከ10 በመቶ እንዳያልፍ ታሰረ። ፈረንሳዊና ኢትዮጵያዊ ቢካሰሱም ነገሩ በአገሩ ዳኛ ብቻ የሚታይ መሆኑ ቀረና ቆንስሉ አብሮ ተቀመጠ። ለአንዱ የተሰጠ ለኔም ይሰጠኝ ባይ አይጠፋምና ሌሎቹ መንግሥታትም ያንኑ ልክ እንደ ራሳቸው መብት ቆጠሩት። በጦር ሜዳ ያልተንበረከከ መንግሥት በጉምሩክ በሩ ላይ የጻፈውን ቁጥር ለመለወጥ የሌሎችን ፈቃድ የሚጠይቅ ሆነ። የታሪክ መጻሕፍት ይህን ውል ሲያነሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በልዩ ፍርድ ቤቱ ላይ ነው፤ የክብር ጉዳይ ስለሆነም ብዙ አነጋግሯል። የቀረጡ አንቀጽ ግን ከዚያ የሚከብድ ይመስለኛል። ክብደቱን ለመመዘን ደግሞ ከአዲስ አበባ ይልቅ ጎጃም፣ በተለይ ከአዴት በፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለው አገር፣ የተሻለ መመልከቻ ነው። የውጭው ቀረጥ ሲታሰር ሸክሙ የት እንደወረደ የሚታየው በውስጥ አገር ገበያና በውስጥ አገር ኬላ ላይ ነውና።

ጎጃም ለንግድ እንግዳ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዘመን የጁቤ አጠገብ ያለው የባሶ ገበያ ከኢትዮጵያ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከከፋ፣ ከጅማና ከጉድሩ የተነሣው ሲራራ ነጋዴ ቡናውን፣ ወርቁን፣ የዝሆን ጥርሱንና ዝባዱን ይዞ፣ በዚያ ዘመን ክፉ ልማድም የሚሸጥ ሰው እየነዳ፣ ዓባይን ተሻግሮ ባሶ ይደርሳል። ከሰሜን የመጣው ደግሞ አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ዶቃ ይዞ ይጠብቀዋል። ከዚያ መንገዱ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደርም ወደ መተማ ወይም ወደ ምጽዋ ይቀጥላል። ቡሬም በምዕራቡ በኩል ወደ ወለጋ ለሚሻገረው መንገድ በር ናት። ይህ ሁሉ ንግድ የሚሄደው በቅፍለት ነው፤ ቅፍለቱም በየወንዙ መሻገሪያ፣ በየገዢው ወሰን፣ በየገበያው መግቢያ ኬላ ይከፍላል። ኬላ ለገዢው የታወቀ ገቢው ነበር፤ ለነጋዴው ደግሞ አንዱን ከፍሎ ሲያልፍ ሌላው የሚጠብቀው፣ ልኩ እንደ ኬላ ጠባቂው ጠባይ የሚለዋወጥ ዕዳ።

ኃያላን መንግሥታት ከዚህ አገር ጋር የንግድ ውል መጻፍ የጀመሩት ነጋዴዎቻቸው ከመምጣታቸው በፊት ነው። እንግሊዛዊው ቆንስል ዋልተር ፕላውደን በ1842 ዓ.ም. ከየጁው ራስ ዓሊ ጋር የንግድ ውል ተፈራርሟል። ስለ ዕለቱ ራሱ ፕላውደን እንደተረከው፣ ውሉ ሲነበብላቸው ራስ ዓሊ ድንኳኑ ውስጥ ስለቆመ ፈረስ ከሰዎቻቸው ጋር ያወጉ ነበር። ንባቡ ሲያልቅ ነገሩ ክፋት እንደሌለው፣ ነገር ግን አገሩ እንዲህ ሆኖ በ10 ዓመት ውስጥ አንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ እንኳ ይመጣል ብለው እንደማያምኑ፣ ስለዚህም ውሉ ጥቅም እንደማይታያቸው ተናገሩ። ታሪኩን የሚያነሡ ብዙዎች የራስ ዓሊን ቸልተኝነት ሊያሳዩበት ነው። በእኔ ግምት ራስ ዓሊ ስለ ነጋዴው አልተሳሳቱም፤ የሳቱት ውል ለምን እንደሚጻፍ ነው። የዚያን ጊዜ ውል የዕለቱን ንግድ ለማሳለጥ የተጻፈ አልነበረም። ንግዱ በመጣ ጊዜ ደንቡን የሚያወጣው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ለመቁረጥ ነበር።

በ1900 ዓ.ም. የሆነውም ይኸው ነው። በዚያ ዘመን ለነበረ መንግሥት የጉምሩክ ቀረጥ ከሁሉ የቀለለ ገቢ ነው። ዕቃው በጥቂት በሮች ይገባል፣ ይቆጠራል፣ ይመዘናል፤ በየጎጡ እየዞሩ የገበሬ ጎተራ መቁጠርን አይጠይቅም። የጅቡቲ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ይህ በር የባሰ ሰፋ። በበሩ ከሚገባው ውስጥ ዋናው ጨርቅ ነበር። አቡጀዴ መጀመሪያ ከአሜሪካ መጣ፤ በ1920ዎቹ ደግሞ የጃፓን ፋብሪካዎች ዋጋ ሰብረው ገበያውን ያዙት። ጣቃው በበቅሎ ተጭኖ ጎጃም ይገባል፣ ገበያ ላይ በክንድ እየተለካ ይሸጣል፣ ሱሪና እጀ ጠባብ ይሆናል። አንድ ራሱን የቻለ መንግሥት እንዲህ ያለ ጎርፍ ሲመጣ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ከፈለገ ቀረጡን ከፍ አድርጎ የአገሩን ሸማኔ ይከልላል፣ ካልፈለገ ዝቅ አድርጎ ለሸማቹ ያረክሳል፤ ወይም ከቀረጡ ባገኘው ገንዘብ መንገድ ይሠራል። ውሉ ይህን ምርጫ ዘጋው። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ አሜሪካ ግን ፋብሪካቸውን ሲያቆሙ የቀረጥ አጥር ሠርተው ነበር።

ከቀረጡ 6 ዓመት ቀድሞ ውሃው ታስሯል። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በፈረሙት የድንበር ውል ሦስተኛው አንቀጽ፣ በጥቁር ዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውሃውን ፍሰት የሚያቆም ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ ይላል። የጥቁር ዓባይ ውሃ የሚመነጨው ሰከላ ከግሽ ዓባይ፣ ከዚሁ ከምዕራብ ጎጃም ነው። ይህ የድንበር ነገር ከንግድ ጋር ምን አገናኘው የሚል ካለ ጀዚራን ይመልከት። እንግሊዝ ሱዳን ውስጥ የሰናርን ግድብ ሠርታ የጀዚራን ሜዳ በመስኖ ያለማችው ለላንካሻየር ፋብሪካዎች ጥጥ ለማምረት ነበር። የጎጃም ውሃ ለሌላ አገር ጥጥ ሲጠበቅ፣ ጎጃም ራሱ ጨርቁን ከባሕር ማዶ ይገዛል። እርግጥ ጎጃም የለበሰው በአብዛኛው የአሜሪካንና የጃፓንን እንጂ የላንካሻየርን ጨርቅ አይደለም፤ አንዱ መንግሥት ሆን ብሎ ክቡን ገጠመው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ውሃውን የሚያስረው አንቀጽና ቀረጡን የሚያስረው አንቀጽ የተለያዩ መንግሥታት ይጻፏቸው እንጂ ያደረጉት አንድ ነገር ነው። ሁለቱም ዕቃ አልወሰዱም፤ የወሰዱት ስለ ዕቃው የመወሰን ሥልጣንን ነው።

እንግሊዝ ለዚህ አንቀጽ ምን ያህል እንደተጨነቀች በዳንግላ ይታያል። በዚያች የአገው ከተማ ቆንስላ ከፍታ ነበር፤ ከ1917 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ቆንስሉ ሮበርት ቺዝማን ነበር። ሰውየው ጣናን ዞሮ፣ የዓባይን ሸለቆ እግር በእግር ተከትሎ ካርታ አነሣ፤ መጽሐፍም ጻፈበት። ዳንግላ ላይ ቆንስላ የሚያስከፍት የእንግሊዝ ነጋዴ ብዛት አልነበረም፤ የነበረው ውሃው ነው። በ1918 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝና ጣሊያን ኢትዮጵያን ሳይጠይቁ ደብዳቤ ተለዋውጠው ለአንዷ የጣና ግድብ፣ ለሌላዋ የባቡር መንገድ ለመደጋገፍ ተስማሙ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጉዳዩን ወደ መንግሥታት ማኅበር ወስደው ተቃወሙ። ቀጥለውም ሐኪም ወርቅነህን ወደ አሜሪካ ልከው በ1920 ዓ.ም. ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለ ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ ተነጋገሩ። ግድቡ አልተሠራም። ቢሆንም ሦስተኛ ወገን አምጥቶ ሁለቱን ማስደንገጥ ደካማ መንግሥት በእጁ ካለው ጥቂት መሣሪያ አንዱ ነበር፤ ተፈሪም በደንብ ተጠቅመውበታል።

ብርቱው ተቃውሞ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የጎጃምን ንግድ ያደኸየው የፈረንሳይ ውል ሳይሆን የራሳችን ኬላ ነው የሚሉ አሉ፤ ማስረጃቸውም ቀላል አይደለም። ኬላ ከክሎቡኮውስኪ በፊት ለዘመናት ነበር። ጎጃምን እስከ 1924 ዓ.ም. የገዙት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትም ሹመቱን ራሱን ወደ ንግድ በመለወጥ፣ ግብር በማብዛትና ሀብት በማከማቸት የታወቁ ናቸው። ከጉድሩ ተነሥቶ በቡሬ የሚያልፍ ነጋዴ በየመንገዱ የሚከፍለውን ቢደምረው በጠረፍ ጉምሩክ ከሚከፈለው 10 በመቶ ይልቅ የጎዳው ይኸኛው ነው ቢል አይፈረድበትም። ሁለተኛም፣ መንግሥቱ ያንን 10 በመቶ እንኳ አጣርቶ መሰብሰብ ያቅተው ስለነበር ጣሪያው ቢነሣም ለውጥ አይኖረውም ነበር የሚል ክርክር ይጨመርበታል።

የመጀመሪያውን እውነት እቀበላለሁ፤ መደምደሚያውን ግን አልቀበልም። ውሉ ኬላን አልፈጠረም። ያደረገው ኬላን ለመሻር የሚያስፈልገውን ገንዘብ መከልከል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የጎጃምን ገዢ «ኬላህን ተው» ለማለት ከፈለጉ በምትኩ ደመወዝ የሚሰጡት፣ ወታደሩን የሚቀልቡበት ሌላ ገቢ ሊኖራቸው ይገባል። በዚያ ዘመን ይህን ያህል ገቢ በቶሎ ሊሰጥ የሚችለው የጠረፍ ጉምሩክ ነበር። እሱ ሲገደብ ማዕከሉ ከክፍለ አገሩ ገዢ ጋር የሚደራደርበት ነገር አጣ፤ ገዢውም ኬላውን እንደያዘ፣ ማዕከሉም የገዢውን ግብር እንደጠበቀ ቀረ። መሰብሰብ አይችሉም ለሚለውም መልሱ ከዚሁ አይርቅም። የጉምሩክ አስተዳደር የሚጠናከረው ማጠናከሩ የሚያስገኘው ነገር ሲኖር ነው። ጣሪያው በሌላ ሰው እጅ ካለ ሒሳብ አዋቂ መቅጠሩም መጋዘን መሥራቱም ትርፉ ትንሽ ነው።

ይህን ሁለት ወገን ነገር ቀድሞ ያየው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። ድሬዳዋ ላይ በጉምሩክ ሹመት ስለሠራ ዕቃው ሲገባ ያይ ነበር። በወጣትነቱ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ውስጥ፣ ዕውቀት ያለው ሕዝብ ከሌለው ጋር ሲነግድ ንግዱ እኩል እንደማይሆን፣ ሁለተኛው ቀስ በቀስ የአንደኛው ጥገኛ እንደሚሆን ተከራክሯል። የሚደነቀው ግን ጥፋቱን ሁሉ በውጭው ሰው ላይ አለመጣሉ ነው። የግብሩን ሥርዓት አልባነት፣ የሹማምንቱን ዘረፋ፣ የጉምሩኩን መዘበራረቅም አብሮ ይወቅሳል። ዛሬ የውጭ ጫና ሲነሣ የራሳችንን ጥፋት፣ የራሳችን ጥፋት ሲነሣ ደግሞ የውጭውን ጫና የሚረሳ ክርክር ስለበዛ፣ ገብረ ሕይወት ከብዙ የዘመናችን ተንታኞች ቀድሞ የተገኘ ይመስላል።

ሌላው ተቃውሞ ከሸማቹ ወገን ነው። አቡጀዴ ርካሽ ነበር፤ ቀረጡ ቢጨምር ኖሮ የሚጎዳው ራቁቱን ለመሸፈን የሚገዛው ገበሬ አይደለምን? እርግጥ ነው። ሸማኔውም ፈጽሞ አልጠፋም። ሴቶቹ በእንዝርት መፍተላቸውን፣ ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አውርዶ መወርወሪያውን መወርወሩን ቀጥሏል። ለሱሪ አቡጀዴ የገዛ ገበሬ ለበዓል ኩታ፣ ለብርድ ጋቢ ወደ ሸማኔው ይሄዳል። ስለዚህ የአገር ሽመና በውሉ ሞተ የሚል ካለ አልስማማም። የእኔ ነጥብ ቀረጡ የግድ መጨመር ነበረበት የሚል አይደለም። ርካሽ ጨርቅ ይሻለናል ወይስ ሽመናውን እናሳድግ የሚለውን ሚዛን የአገሩ መንግሥት ራሱ ይያዝ ነው፤ ያዳላ እንኳ ቢሆን። ምኒልክ ፈልገው ነው የፈረሙት ለሚለውም እንዲሁ ነው። ጅቡቲ የፈረንሳይ ነበረች፣ የጦር መሣሪያም የሚገባው በዚያ ነው፤ ከ1 ዓመት በፊት በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን አገሪቱን በጥቅም ቀጠና ተከፋፍለው ስምምነት ጽፈዋል። በሦስት በኩል ለተከበበ ንጉሥ አንዱን ማባበል ብልህነት ነው። ነገር ግን የተከበበ ሰው የመረጠውን በነጻ ፈቃዱ መረጠ አንልም።

መንግሥቱም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1923 ዓ.ም. ተፈሪ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ከነገሡ በኋላ፣ የቀረጡን ጣሪያ በዘዴ ለማለፍ የፍጆታ ግብር የሚባል አዋጅ አወጡ። ውሉ ስለ ጠረፍ ቀረጥ ነው የሚናገረው፤ ዕቃው ከገባ በኋላ ስለሚከፈል ግብር ምንም አይልም በሚል ክርክር በቅንጦት ዕቃ ላይ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ተጣለ። የውጭ መንግሥታት ሌጋሲዮኖች አጉረመረሙ፤ አዋጁ ግን ወጣ። በዚያው ዓመት ከ1898 ዓ.ም. ጀምሮ በእንግሊዞች ቁጥጥር ሥር በነበረው የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ይመራ የነበረው የአቢሲኒያ ባንክ ተገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ ሆነ። ከጃፓን ጋርም ውል ተፈረመ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ቶኪዮ ድረስ ሄዱ። እነዚህ እርምጃዎች አንድ ላይ ሲታዩ የታሰረ እጅን ጣት በጣት የመፍታት ሥራ ነበሩ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. የመጣችው ይህ ሥራ ገና ሳያልቅ ነው።

ነጻነቱም በጎጃም መንገድ ተመለሰ። በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት የሚመራው ጦርና አርበኞች ጣሊያንን ከቡሬ ምሽግ አስለቀቁ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በቡሬ አልፈው ወደ ደብረ ማርቆስ አመሩ። ከጦሩ ጋር በግመል ተጭኖ የመጣው ገንዘብ ጠገራ ብር ነበር፤ ጎጃሜ የጣሊያንን የወረቀት ሊሬ ንቆ ማርትሬዛውን ይዞ ስለቆየ። የሚገርመው ይህ የኦስትሪያ ንግሥት መልክ ያለበት ብር ከ1920ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በእንግሊዝም ይመታ የነበረ መሆኑ ነው። ወራሪው ሲወጣ አዲስ ጥገኝነት ገባ። በጥር 1934 ዓ.ም. የተፈረመው የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ስምምነት ለመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ እርዳታ ሰጠ፤ በምላሹ እንግሊዛውያን አማካሪዎች ገቡ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ የአገሪቱ መገበያያ ሆነ። ከዚህ የተወጣው በታኅሣሥ 1937 ዓ.ም. በተፈረመው አዲስ ስምምነትና በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ላይ በወጣው የኢትዮጵያ ብር ነው፤ ለ50 ሳንቲሙ ብሩን ያበደረችው አሜሪካ ናት። ያ የተፈሪ ዘዴ፣ አንዱን ኃያል በሌላው ማስታገስ፣ ዳግመኛ ሠራ።

የ10 በመቶው ውልም ከዚያ ወዲያ ወደ ሥራ አልተመለሰም፤ የጉምሩክ ሕጉን መንግሥቱ ራሱ አወጣ፣ የውስጥ ኬላዎችም ተሻሩ። ውጤቱ ጎጃም ላይ በግልጽ ታየ። በ1953 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በ1900ው ጣሪያ ሥር ቢሆን ኖሮ ከውጭው ጨርቅ የሚከልለው አጥር አይኖረውም ነበር። እዚህ ላይ ግን ለሐተታዬ የማይመች እውነት አለ። ጣሪያው ከተነሣ በኋላም መንግሥት ከገበሬው ላይ አልወረደም። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ጎጃምን አሳመፀ፤ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ተነሡ፣ መንግሥትም አውሮፕላን ላከባቸው። የውጭው በር በእጅ መሆኑ ብቻውን ፍትሕን አያመጣም ማለት ነው። የመወሰን ሥልጣኑ ወደ አገር ቢመለስም ወደ ገበሬው አልደረሰም።

ዛሬ ያው ጥያቄ በሌላ ልብስ መጥቷል። በዓባይ ላይ በ1894ቱ አንቀጽ ምትክ በ2012 ዓ.ም. የዋሽንግተን ድርድር ነበር፤ ኢትዮጵያ አልፈርምም ስትል አሜሪካ 130 ሚሊዮን ዶላር ያህል እርዳታ አገደች። የህዳሴ ግድቡ በአገር ውስጥ ገንዘብና በቦንድ ተሠርቶ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። በንግዱም በኩል ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ወደ ገበያዋ የሚያስገባውን የአጎዋን ዕድል ስትነሣ ፋብሪካዎች ያንን መብት በአንድ ቀን አጡ፤ ያ በውል የተገባ መብት ሳይሆን በሰጪው ፈቃድ ላይ የቆመ ችሮታ ነበርና ሲነሣም የሚከራከሩበት ችሎት አልነበረም። ኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. ያመለከተችበት የዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት ከዚህ ይለያል። እዚያ ሌሎቹም ይታሰራሉ፣ ክርክር የሚሰማ አካል አለ፣ ጣሪያውም ለየዕቃው በድርድር ይቆረጣል እንጂ በአንድ ቁጥር አይወሰንም። ስለዚህ አባልነቱ በራሱ የ1900ው ውል ነው የሚለውን ጩኸት አልጋራም። የሚያሰጋኝ የጣሪያው ሰንጠረዥ የሚዘጋጅበት መንገድ ነው። ለምግብ ዘይት የሚቆረጠው ጣሪያ በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ የተመረቀውን የፊቤላ ዘይት ፋብሪካና ኑግ የሚዘራውን ገበሬ በቀጥታ ይነካል፤ ለጨርቅ የሚቆረጠውም ባሕር ዳርን። ሕዝብ ሳያየው የታሰረ ቁጥር ለመፍታት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ከ1900 እስከ 1933 ያለው ታሪክ ይናገራል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያንን ሰንጠረዥ ከማጽደቁ በፊት ዕቃ በዕቃ፣ በአማርኛና በሌሎቹም የአገሩ ቋንቋዎች ያሳትመው፤ የንግድ ምክር ቤቶችና የገበሬ ማኅበራትም ከመፈረሙ በፊት አንብበው ይናገሩበት።